የተቃጠለ ቁስል ላይ እርጎ? ስለ "ጥሩ ባክቴሪያ" እውነቱና ስህተቱ

የዛሬው ጽሑፌ ከአንዲት እናት ጥያቄ የተነሳ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ካምፕ ውስጥ ደግሞ ቁስል በሚታጠብበት ክፍል አግዛለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። የፈላ ሻይ ክንዱና ደረቱ ላይ ከፈሰሰበት አራተኛ ቀኑ ነበር። የታሰረበትን ጨርቅ ስፈታው የኮመጠጠ ወተት ሸተተኝ፤ ከሥሩ አረንጓዴ መግል ይዟል። "ምን ቀባሽው እህቴ?" አልኳት። ስልኳን አውጥታ ውጭ አገር ያለች ዘመዷ የላከችላትን ጽሑፍ አሳየችኝ። እርጎ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የቃጠሎ ቁስል እንደሚያድን፣ ይህም በሳይንስ እንደተረጋገጠ ይላል። "ታዲያ ውሸት ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረማ! ግማሹ እውነት ነው። ልጁን የጎዳውም ያ ግማሽ እውነት ነው። ያን ጊዜ በጥድፊያ ያልመለስኩትን ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ጽሑፉ በየስልኩ እየዞረ መሆኑን ሰምቻለሁና።

የተቃጠለ ቁስል ለምን ቶሎ ያመረቅዛል?

ቆዳችን አጥር ነው። ውኃችንንና ሙቀታችንን ከውስጥ ይይዛል፣ ጀርሞችን ከውጭ ያግዳል። ሲቃጠል አጥሩ ይፈርሳል። የሞተው ሥጋ ደግሞ እርጥብ ነው፤ ለጀርም ጥሩ ምግብ ይሆናል። ጥቃቅን የደም ሥሮችም አብረው ስለሚቃጠሉ ጀርምን የሚዋጉት የደም ሴሎች ወደ ቦታው በደንብ አይደርሱም። በአፍ የሚዋጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክም እንዲሁ በሞተው ሥጋ ውስጥ ማለፍ ይቸግረዋል።

ቁስሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጀርም የለበትም፤ ሙቀቱ ገድሎታል። ከዚያ በላብ ዕጢና በፀጉር ሥር ተደብቀው የተረፉት፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ የሚባሉት፣ ይራባሉ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ከእጅ፣ ከውኃ፣ ከሰገራና ከዕቃ የሚመጡት ይከተላሉ። ከእነዚህ ውስጥ በቃጠሎ ክፍሎች በጣም የሚፈራው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ነው። እርጥበት ይወዳል፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይኖራል። አረንጓዴ መግልና የሚጣፍጥ ዓይነት ልዩ ሽታ ብዙ ጊዜ የእሱ ምልክት ነው። ባዮፊልም የሚባል አተላ መሰል ሽፋን ሠርቶ ከሥሩ ስለሚደበቅ መድኃኒት አያገኘውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መድኃኒት የተላመደው ሱዶሞናስ ከፊተኞቹ ረድፍ ነበር።

ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰው በቃጠሎ እንደሚሞት ይገምታል፤ አብዛኛው በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፈ ሕመምተኛን በኋላ የሚገድለው በአብዛኛው ኢንፌክሽን ነው። ሳይንቲስቶችም ወደ "ጥሩ ባክቴሪያ" ፊታቸውን ያዞሩት መድኃኒቱ እየተላመደ ስላስቸገራቸው ነው።

እውነት የሆነው ግማሽ

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ጀርም ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ የኮመጠጠ ወተት ባክቴሪያ ለጤናና ለዕድሜ ይጠቅማል ብሎ ያስተምር ነበር። እሱ ግን ያወራው ስለሚጠጣ ወተት ነው።

ቁስል ላይ የመቀባቱን ነገር በሰፊው ከሞከሩት መካከል በሰሜን አርጀንቲና በቱኩማን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። የተጠቀሙበት ባክቴሪያ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ይባላል። ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮ በተብላላ አትክልትና ሊጥ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ከዘመዶቹ ጋር በእኛም ቆጮና በእንጀራ ሊጥ ውስጥ ተገኝቷል። እነሱ ግን ከሰው ማጀት አልወሰዱትም። ማንነቱ ተለይቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት በባክቴሪያ ባንክ የተቀመጠ ንጹሕ ዘር ነው ያራቡት።

እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ተቃጥለው በሱዶሞናስ የተበከሉ አይጦች ላይ ይህን ባክቴሪያ ሲያደርጉ ጀርሙ በቆዳቸው፣ በጉበታቸውና በጣፊያቸው ውስጥ ቀነሰ፤ ሥጋቸውም በተሻለ ሁኔታ ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ያላቸው 80 ሰዎችን ይዘው የሠሩትን አሳተሙ። አንዱ ወገን ባክቴሪያው፣ ሌላው ወገን ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባለው የታወቀ ነጭ ቅባት ተደረገለት። ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናትም ባክቴሪያው ቁስሉ ላይ ሲደረግ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ እንዳይገድል መርዳቱን አሳይቷል።

እንዴት ነው የሚሠራው? በአራት መንገድ ነው፦

1. አሲድ ያመነጫል። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው ላክቲክ አሲድ ነው። ሱዶሞናስ በኮምጣጣ ቦታ አይመቸውም።

2. ቦታና ምግብ ይሻማል። ቀድሞ የተቀመጠ ለኋላ መጪው ወንበር አይተውም።

3. የጠላትን ወሬ ያቋርጣል። ሱዶሞናሶች ቁጥራቸው ሲበዛ በኬሚካል ምልክት ይጠራራሉ፤ ያኔ ባዮፊልሙን ይሠራሉ፣ ሥጋ የሚያሟሟ ኢንዛይምም ይለቃሉ። የአርጀንቲናው ጥናት ባክቴሪያው ይህን ምልክት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

4. የሰውነትን ወታደሮች ያነቃል። ጀርም የሚውጡት የደም ሴሎች በተሻለ ሁኔታ ሥራቸውን ይሠራሉ።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፤ ደስ የሚልም ነው። ግን "ተረጋገጠ" ለማለት ገና ነው። ሰው ላይ የተሠራው ጥናት 80 ሰው ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሌላው ሥራ በአይጥና በጥንቸል ነው። "ከነጩ ቅባት ጋር ተቀራረበ" የሚለውም ቢሆን ትልቅ ምስክርነት አይደለም፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ይህ ቅባት ራሱ የቁስሉን መዳን ሊያዘገይ እንደሚችል ኋላ ላይ የተደረጉ ግምገማዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ባክቴሪያ መቀባት ዛሬም ምርምር ነው፤ በመደበኛ የቃጠሎ ሕክምና መመሪያዎች ውስጥ አልገባም።

ታዲያ እርጎ ለምን አይሆንም?

"ያው ባክቴሪያ አይደል? እርጎ ውስጥስ አለ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። ያቺም እናት እንዲሁ ነው ያለችኝ። ልዩነቱን ላስረዳ።

አንደኛ፣ እርጎ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ አናውቅም። የአንዱ ቤት እርጎ ከሌላው ቤት ይለያል፤ የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። ጥናቱ የተሠራው በአንድ በተለየ ዘር፣ በተለካ መጠን ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሩው ብቻውን አይመጣም። ያልተፈላ ወተት ስታፊሎኮከስ፣ ከከብቱ እበት የሚመጣ ኢኮላይ፣ አልፎ ተርፎም ብሩሴላ ሊይዝ ይችላል። እናቶቻችን ቅሉን በወይራ ያጥኑት ነበር፤ ጢሱ ጀርም ይቀንሳል፣ ጣዕምም ይሰጣል፤ ግን ንጹሕ መድኃኒት አያደርገውም። እዚህ ደግሞ ወይራውም የለ፣ ቅሉም የለ፤ ወተቱ የሚቀመጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። የሚጠጣ እርጎን ጨጓራችን በአሲዱ ያጣራዋል። የተቃጠለ ቁስል ግን ጨጓራ የለውም፤ በሩ በቀጥታ ወደ ደም ነው።

ሦስተኛ፣ እርጎ ዝንብ ይጠራል፤ ሲደርቅም ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። ስናጥበው ልጁ ያለቅሳል፣ አዲስ የበቀለው ሥጋም አብሮ ይነሳል። የቃጠሎውን ጥልቀት አይቶ ለመወሰንም ያስቸግረናል።

አራተኛ፣ ጥሩ የሚባለው ባክቴሪያ ራሱ በተዳከመ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ሊያሳምም ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ግን ተከስቷል። በፋብሪካ የተሠራ ፕሮባዮቲክም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፦ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በአፍ በተሰጠው የፕሮባዮቲክ ዱቄት ውስጥ በነበረ ሻጋታ ምክንያት ሞቷል። ስለዚህ ከፋርማሲ የተገዛ የፕሮባዮቲክ እንክብል ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስም አይገባም።

የማርም ነገር ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ማር መካከለኛ ጥልቀት ያለውን ቃጠሎ ከተለመዱ አንዳንድ ማሸጊያዎች ቀድሞ እንደሚያድን አሳይቷል። ሆኖም ለሕክምና የሚሆነው ማር ጀርሙ በጨረር ተገድሎ የተዘጋጀ ነው። ከገበያ የተገዛ ማር፣ ስኳር ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት የማይታወቅ፣ ያ ማር አይደለም።

እርጎ ጨርሶ አይጠቅምም ግን አላልኩም። ቁስል የሚድነው በምግብ ነው። የተቃጠለ ሰው ከሌላው የበለጠ ኃይልና ፕሮቲን ይፈልጋል። ከተፈላ ወተት የተሠራ እርጎ፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል፣ ካልተገኘ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ ይብላ። እርጎው ለአፍ ነው፤ ለቁስል አይደለም።

በተቃጠለ ሰዓት ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው።

• መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ፣ ከዚያ ሰውየውን ከእሳቱ አርቁ። ልብሱ ከተያያዘ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አንከባሉት ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አጥፉት።

• ያረጠበውን ሙቅ ልብስ፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ክር ቶሎ አውልቁ፤ ቦታው ያብጣልና። ሥጋው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አትንቀሉ።

• ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ወዲያው ቢሆን ይመረጣል፤ ግን እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቢዘገይም ይጠቅማል። ውኃ ካነሰ ንጹሕ ጨርቅ እያረጠባችሁ ደጋግማችሁ ለውጡ። በረዶ አታድርጉ። ሕፃን ወይም ሰፊ ቃጠሎ ከሆነ የቀረውን ሰውነት ሸፍኑ፣ እንዳይበርደው።

• ከዚያ በንጹሕ፣ በደረቅ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ስስ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ጥጥ አታድርጉ፤ ይጣበቃል።

• ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

• ቅቤ፣ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ የእንቁላል ውኃ፣ ቡና፣ ጭቃ፣ እርጎ፦ አንዱንም አትቀቡ።

ወደ ክሊኒክ ሳይዘገይ የሚኬደው መቼ ነው?

የሕመምተኛው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ ከሰውነቱ 1 በመቶ ያህል ነው። በዚህ ለኩ። ልጅ ከ10 መዳፍ በላይ፣ አዋቂ ከ15 መዳፍ በላይ ከተቃጠለ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልገዋል። ሰውነት ውኃ በብዛት ስለሚያጣ በመንገድ ላይ ነቅቶ ካለና ካላስመለሰው ኦ.አር.ኤስ. በትንሽ በትንሹ አጠጡት።

ከዚህ ያነሰም ቢሆን እነዚህ ካሉ ቤት አትቆዩ፦

• ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፤
• ክንድ ወይም እግርን ዙሪያውን ከከበበ፤
• ቦታው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲነካ የማያም ከሆነ። አለማመሙ ጥልቅ መሆኑን እንጂ ቀላል መሆኑን አያሳይም፤
• በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል ከሆነ፤
• ድንኳን ውስጥ ጢስ ታፍኖበት ድምፁ ከጎረነነ ወይም አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ። ይህ ከሁሉ በፊት ይቀድማል፤
• ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ።

ቤት ሆኖ በመዳን ላይ ላለ ቁስል ደግሞ የሚያስፈሩት ምልክቶች ትኩሳት፣ የሚጨምር ሕመም፣ መጥፎ ሽታ፣ አረንጓዴ መግል፣ በዙሪያው የሚሰፋ ቅላትና የልጅ መፍዘዝ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካለ "ነገ እወስደዋለሁ" አትበሉ።

ክሊኒክ ስትደርሱ ሦስት ነገር ንገሩ፦ በምን እንደተቃጠለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ምን እንደተቀባበት። የተቀባውን አትደብቁ፤ ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም። ከዚያ እናንተ ደግሞ ጠይቁ፦ የቴታነስ ክትባት ያስፈልገዋል? ፋሻው በስንት ቀን ይቀየራል? መገጣጠሚያው እንዳይኮማተር ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እናሠራው? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ነገር ግን እጁ ላይ የተቃጠለ ልጅ ስለሚያመው ጣቶቹን አጥፎ ከተተወ ቆዳው በዚያው ይደርቅና እጁ ሳይዘረጋ ሊቀር ይችላል።

ከሁሉም በላይ "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው አይረሳ። እሳቱን ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ የድስትና የጀበና እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፣ ሕፃን ታቅፎ ትኩስ ነገር አይጠጣ፣ ላምባ በውኃ ጠርሙስ አይቀመጥ፣ ኩራዝ እያበራ አይሞላ።

ልጁስ?

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ልንገራችሁ። ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ገባ፤ ክንዱ ላይ ቆዳ ተተከለለት፤ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። አሁን ይሮጣል። ክንዱ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ እናቱ በየቀኑ ታሠራዋለች። በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ቢሆን እዚህ ደረጃ ላይደርስ ይችል ነበር።

ጥፋቱን በእሷ ላይ አልጭንም። የክሊኒኩ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሌሊት መውጣት ያስፈራል፤ ስልኳ ውስጥ ያለው መልስ ግን ቅርብ ነበር፣ በቋንቋዋም ተጽፎ ነበር። ዘመዷም የላከችው ለልጁ ተጨንቃ እንጂ ለክፋት አይደለም።

አንድ ቀን በንጹሕ ላቦራቶሪ የተዘጋጀ የባክቴሪያ ቅባት እኛም ጋ ይደርስ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ውኃ አፍስሱ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፣ በቶሎ ውሰዱ። ያ የእርጎ ጽሑፍ ለደረሳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ይህን ለላከላችሁ ሰው መልሳችሁ ላኩለት።

ደህና ሁኑ፤ ልጆቻችሁን ከእሳት ይጠብቅላችሁ።